ሕግ የተከበረበት ቀን

«ምንም አያውቅም። ካወቀ መንገዱን ይቀይራል ብዬ አልነገርኩትም። ማታ ከመኪናው ላይ አወጣዋለሁ፤ ከዚያ በኋላ ነገሩ አለቀ።»

ይህን ያለው የሾፌሩ ሚስት ወንድም ነበር። ጎህ ሳይቀድ፣ ሳሎን ተብላ በምትጠራው ጠባብ ክፍል ውስጥ ሶፋው ላይ እንደተጋደመ፣ ስልኩን ከንፈሩ ላይ ለጥፎ ነው በሹክሹክታ የተናገረው። ሁለቱን ክፍሎች የሚለያቸው ስስ ኮምፔንሳቶ ብቻ መሆኑን ግን ዘነጋው። ሾፌሩ ከኮምፔንሳቶው ማዶ፣ አንድ እግሩን ሱሪው ውስጥ ከትቶ ሌላውን እንዳንጠለጠለ ደርቆ ቀረ። ሚስቱ አልነቃችም። አማቱም በመጋረጃ በተከለለችው ጥግ ቁስለኛ እግራቸውን ትራስ ላይ ሰቅለው ያንኮራፋሉ። በዚህ ቤት ውስጥ መኪና የሚነዳ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ራሱ ሾፌሩ። ስለዚህ «ምንም አያውቅም» የተባለው ማን እንደሆነ ለማወቅ ብዙ መመራመር አላስፈለገውም። ሱሪውን በቀስታ ለብሶ ጨረሰና አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ።

የሚስቱን ወንድም ቤተሰቡ ኢንጂነሩ እያለ መጥራት የጀመረው ገና ኮሌጅ የገባ ዕለት ነው። ተመርቆ ትራንስፖርት ቢሮ ሲቀጠር ስሙ ቀድሞት ደርሶ ነበር። ባለፈው ዓመት ቢሮው ለጥቂት ወራት ሥልጠና ወደ ውጭ ልኮት፣ ለእናቱ ሰማያዊ ሻርፕ፣ ለእህቱ ሽቶ፣ ለሾፌሩ ደግሞ የሚያበራ የቁልፍ ማንጠልጠያ ይዞ ተመለሰ። ሾፌሩ ማንጠልጠያውን ወዶት ነበር። ዛሬ ጠዋት ግን ከኪሱ አውጥቶ አገላበጠው፣ ሆድ ዕቃው ውስጥ ምን እንዳለ ለማየት በጥፍሩ ሊከፍተው ሞከረ፤ አልከፈት ሲለው መልሶ ኪሱ ከተተው።

ቁርስ ላይ ሁሉም ነገር እንደወትሮው ነበር፤ እንደወትሮው መሆኑ ነው ሾፌሩን ያስጠረጠረው። ኢንጂነሩ ሻይ ቀዳለት። ዳቦውን ቆርሶ ትልቁን ቁራሽ ወደ እሱ ገፋ። ከዚያም አይኑን ከብርጭቆው ሳያነሳ «ጋሼ፣ ዛሬ ሙሉ ቀን ነህ አይደል?» አለው።

«ሙሉ ቀን ነኝ።»

«ያው መስመር ነው?»

«ሌላ መስመር ልትሰጡኝ ነበር እንዴ?»

ኢንጂነሩ ሳቅ ብሎ ሻዩን ፉት አለ። በመሀል ሚስቱ የእናቷን ፋሻ እያጠፈች «እማዬን ረፋድ ላይ መጥተህ ትወስዳታለህ አይደል? የቁስሏ ቀጠሮ ዛሬ ነው» አለችው። ሾፌሩ እንደተለመደው ውሃ ታንከሩ ጋ እንዲጠብቁት ነግሯት ወጣ። በሩ ላይ ሲደርስ ዞር ብሎ አየ፤ ኢንጂነሩ በመስኮቱ እየተመለከተው ነበር።

ሚኒባሶቹ የሚያድሩበት ግቢ ከቤቱ ሩቅ አይደለም። ሾፌሩ እንደደረሰ ሞተር አላስነሳም። የዳሽቦርዱን ኪስ በረበረ፣ ምንጣፉን ገለጠ፣ ጎማዎቹን በእጁ ዳበሰ። ረዳቱ የጧት ሻዩን በላስቲክ ብርጭቆ ይዞ ቆሞ ያየዋል። ረዳቱ ልጆች ያደረሰ፣ ጎልማሳ ሰውዬ ነው፤ በመስመሩ ላይ ሬዲዮ ይሉታል፤ ምክንያቱም አንዴ ከተከፈተ የሚዘጋው የለም። «ቀለበት ጠፋብህ?» አለ ሬዲዮ። ሾፌሩ መልስ ሳይሰጠው የራሱ ወንበር ሥር ተንበርክኮ እጁን ሰደደ። እዚያ ነበር። ሳሙና የምታክል ጥቁር ሳጥን፣ ጎኗ ላይ እንደ ክብሪት ጫፍ ያነሰች አረንጓዴ መብራት እያበራች እየጠፋች። ያበገነው ሳጥኗ አይደለችም። የተለጠፈችበት ቢጫ ፕላስተር ነው። የወጥ ቤቱ የውሃ ጎማ ሲቀደድ ራሱ ገዝቶ ያመጣው፣ ቤቱ መሳቢያ ውስጥ ያስቀመጠው ፕላስተር ነው።

«ቦምብ ነው እንዴ?» አለ ሬዲዮ ሻዩን እያራቀ።

«ሰላይ ነው» አለ ሾፌሩ።

ነገሩን ለመረዳት ስለ መስመሩ ማወቅ ያስፈልጋል። መኪናው ጣራ ላይ ያለችው ታፔላ ከተርሚናሉ እስከ ሆስፒታሉ በአስፋልቱ ሂድ ትላለች። ችግሩ አስፋልቱ ላይ ሰው አለመኖሩ ነው። አስፋልቱ ግራና ቀኙ የመጋዘን አጥር፣ የፋብሪካ አጥር፣ ምን እንደታጠረበት የማይታወቅ ደግሞ ሌላ አጥር ነው። ሰው ያለው ቁልቁለት ሰፈር ነው። ስለዚህ የዚህ መስመር መኪና ሁሉ ሸክላ ፋብሪካው ጋ ሲደርስ ታጥፎ ኮረኮንቹን ይወርዳል፣ ውሃ ታንከሩን፣ ትምህርት ቤቱን፣ ወፍጮ ቤቱን አልፎ በሆስፒታሉ ጓሮ ይወጣል። ይህ ክልክል ነው። ከታፔላ ውጪ የተገኘ ሾፌር ይቀጣል፤ ከደጋገመ መንጃ ፈቃዱን ይነጠቃል። ሁሉም ያውቃል፣ ሁሉም ይታጠፋል። መታጠፊያው ላይ የሚቆመው ትራፊክ ፖሊስ እንኳ ደስ ያለው ቀን ፊቱን ያዞራል፣ ያልተመቸው ቀን ያስቆማል። ሾፌሩ ራሱም የቁልቁለት ሰው ነው። ሌላ ሙያ የለው፣ መንጃ ፈቃዱ ከሄደ ቤቱ አብሮ ይሄዳል።

እንዲህ ያለ ነገር ደግሞ ከዚህ በፊት ታይቷል። አንድ ሰሞን መጋጠሚያው ላይ ካሜራ ሲሰቀል «ለጥናት ነው፣ አትስጉ» ተባለ። ጥናቱ አልቆ የመጣው ቅጣት ነበር። በቅርቡ ደግሞ ሾፌሮቹን ሁሉ አዳራሽ ሰብስበው፣ ግድግዳው ላይ «የትራንስፖርት እውቀትና ቴክኖሎጂን እንካፈል» የሚል ጨርቅ ዘርግተው፣ አንድ የውጭ ባለሙያ «እኛ የመጣነው ከእናንተ ልንማር ነው» አላቸው። ቃሉን እየተቀበለ ያስተረጎመው ኢንጂነሩ ነበር። ሾፌሩ ያን ቀን የፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ያሳደገው ልጅ በማይክራፎን ሲናገር እያየ ኩራቱ አፉን አላስዘጋ ብሎት ነበር። ሲወጡ ለእያንዳንዱ አንድ ኮፍያና አንድ የታሸገ ውሃ ታደለ። ሬዲዮ ኮፍያውን ጭንቅላቱ ላይ ደፍቶ «እውቀቱን እነሱ ወሰዱ፣ ኮፍያውን እኛ ወሰድን፤ ይኸው ተካፈልን» ብሎ አዳራሹን አስቆ ነበር።

አሁን ያ ሳቅ የለም። ሬዲዮ ሳጥኗን ነቅሎ መጣል አለብን አለ። ሾፌሩ ግን አሰበበት። «ከነቀልናት መንቃታችንን ያውቃሉ። እንዳላወቅን እንሆናለን። ዛሬ ታፔላው በሚለው ነው የምንሄደው።»

«በአስፋልቱ?»

«በአስፋልቱ።»

«ማንን ልንጭን? አጥሩን?»

«ሬዲዮ፣ በናትህ! ይህችን ነገር ደግሞ ለማንም እንዳትተነፍስ።»

ለሬዲዮ እንዲህ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሾፌሩ አያጣውም። ምናልባት በውስጡ እንዲወራለትም ሳይፈልግ አልቀረም፤ ብቻውን መሰለሉ ከብዶት ነበር። ከመጀመሪያው ዙር ሲመለሱ ተርሚናሉ ሌላ ተርሚናል ሆኖ ጠበቃቸው። ሾፌሮቹ በሙሉ ጎንበስ ብለው፣ ጭንቅላታቸውን ወንበር ሥር ቀብረው ይበረብራሉ። «የኔም አለች!» ይላል አንዱ። «የኔማ ሁለት ናት... አይ፣ አንዷ የወደቀችብኝ ባትሪ ናት» ይላል ሌላው። ተራ አስከባሪው ፊሽካውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ ማንን ቀድሞ እንደሚያስወጣ ግራ ገብቶታል። ማንም ስብሰባ አልጠራ፣ ማንም አልተማከረ፤ ግን የዚያን ቀን የመስመሩ መኪና ሁሉ እንደ ሠርግ አጃቢ ተከታትሎ አስፋልቱን ያዘ። ሸክላ ፋብሪካው ጋ ማንም አልታጠፈም።

ትራፊክ ፖሊሱ መታጠፊያው ላይ ቆሞ ጠበቀ፣ ጠበቀ፤ ሲሰለቸው የሾፌሩን መኪና በእጁ አስቆመና በመስኮቱ አንገቱን አስገባ። «ምን ሆናችሁ ነው ዛሬ? ከቁልቁለቱ ተጣላችሁ?»

«ሕግ እያከበርን ነው» አለ ሾፌሩ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከጧት።»

ፖሊሱ ፈቃዱን ተቀብሎ አገላብጦ አየ። ምንም ጥፋት አጣበት። ይህ በጣም ያናደደው ይመስል ፈቃዱን ወርውሮለት ሄደ።

ተሳፋሪው ግን አልሳቀም። አንዲት ሴት ከእቅፏ የሚበልጥ ጥቅል ታቅፋ መታጠፊያውን ሲያልፉ «እኔ እኮ ታንከሩ ጋ ነው የምወርደው» አለች።

«ዛሬ እዚያ አንደርስም፣ እናት» አለ ሬዲዮ፣ ለዕድሜው በማይመጥን ትሕትና።

«መንገዱ ተዘጋ?»

«አልተዘጋም።»

«ታዲያ?»

ሬዲዮ ሾፌሩን አየ፣ ሾፌሩ መንገዱን አየ። ሴትየዋ ጥቅሏን እየጎተተች ወረደች፤ በሩን ስትዘጋ «ጥጋብ ነው፣ ሌላ አይደለም!» አለች። ሾፌሩ በጎን መስታወቱ ሲያያት ኮረኮንቹን በእግሯ ይዛለች። ከእሷ በፊት የወረዱትም እንዲሁ በእግራቸው እየወረዱ ነበር፤ ከታች ደግሞ ዳገቱን የሚወጡ ሰዎች ተበታትነው ይታያሉ። አንድ ቀን ነው ብሎ ራሱን አጽናና። አንድ ቀን ማንንም አይገድልም።

ረፋድ ላይ ሚስቱ ደወለች። «የት ደረስክ? እማዬ ታንከሩ ጋ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች፤ ፀሐዩ ጠንክሯል።»

«ዛሬ መውረድ አልችልም። ሌላ መኪና ያዙ።»

«ለምን?»

«ማታ እነግርሻለሁ።»

«ሌላ መኪና እኮ የለም። ከጧት ጀምሮ አንድም አልመጣም።»

«ይመጣል፤ ከመሀላቸው አንዱ ሳይወርድ አይቀርም» አላትና ዘጋው። ሲዘጋው ውሸቱን እንደሆነ ያውቃል። ደግማ ስትደውል ስልኩ ዳሽቦርዱ ላይ ሲንቀጠቀጥ እያየው ነዳ። ሬዲዮም ስልኩን አየ፤ በዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም አልተናገረም። ሾፌሩ አፈረ። ማፈሩ ግን ወደ ቁጣ ተለወጠና ያ ቁጣ ሄዶ ሄዶ ኢንጂነሩ ላይ አረፈ፤ ይህን ሁሉ ያመጣው እሱ አይደል?

ከሰዓት ተራ እየጠበቀ ተርሚናሉ ጥግ ካለችው ሻይ ቤት ተቀመጠ። ሻይዋ ዋጋ ጨምራ ብርጭቆዋ ቀንሳለች፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን ከባለቤቷ ጋር ሲጨቃጨቅበት ይውል ነበር። ዛሬ ሐሳቡ ሌላ ቦታ ነው። ኢንጂነሩን በልጅነቱ ትምህርት ቤት ያደረሰው በዚህችው ጋቢና ነው። ፍሬንና ፍሪሲዮን ያስለየው እሱ ነው። አባቱ ሲሞት «አንተ አለህለት» ብለው እጁን የያዙት አማቱ ናቸው፤ አለሁ ብሎም አላሳፈራቸውም። ታዲያ ባለፈው ሳምንት ልጁ ራት ላይ «ጋሼ፣ ሰው የሚበዛው የትኛው መውረጃ ላይ ነው?» ሲለው ለምን አልነቃም? የቢሮ ታርጋ ያላት መኪና በር ድረስ ስታመጣው፣ አዲስ ጫማ ሲያደርግ፣ ስልክ ሲመጣለት ወደ ውጪ ሲወጣ ለምን አልጠረጠረም? አንዱን ከአንዱ ሲያያይዘው ሁሉም ገጠመለት። ቁልቁለቱን ለትልልቆቹ አውቶቡሶች ሊሸጡት ነው። ሚኒባሶቹን ታፔላ ጥሰዋል ብለው ሊያባርሩ ነው። ማስረጃ ይዞ የሚሄደውም ጉርሻ አጉርሶ ያሳደገው ልጅ ነው። ሻይው ቀዝቅዞ ተወው።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል መኪናውን ግቢ ሳያስገባ ይዟት ወደ ቤቱ መጣ። ደጃፉ ላይ ሲሚንቶ የደረቀባት የግንበኛ ጋሪ ቆማለች፤ ያቺ ባለ አንድ ጎማዋ። የጎረቤታቸው የግንበኛው ናት። እዚህ ምን እንደምትሠራ አልገባውም። ሲገባ ሚስቱ ጀርባዋን ሰጥታ ሰማያዊውን ሻርፕ በሳፋ ታሻለች፣ ውሃው አመድ መስሏል። አማቱ አልጋቸው ላይ ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ የእግራቸው ፋሻ ጠዋት የታሰረው ያው ፋሻ ነው፣ አሁን ግን ቆሽሿል።

«ሐኪም ቤት አልሄዱም?» አለ።

ሚስቱ ሳትዞር ነገረችው። ታንከሩ ጋ እስኪመሽባቸው ከመቀመጥ ብለው ጎረቤቷን ለመኗት፤ ግንበኛው ባሏ ከሥራ ቦታው ጋሪውን ይዞ መጣ፤ እናቷን እዚያ ላይ አስቀምጠው፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ ዳገቱን እስከ አስፋልቱ ገፏቸው። አስፋልቱ ላይ መኪና ተገኘ። ሲደርሱ ግን የቁስል ክፍሉ ተራ አብቅቶ ነበር፤ ከነገ ወዲያ ኑ ተባሉ። ይህን ሁሉ ስትናገር ድምጿን አልጨመረችም። ብትጨምርለት ይሻለው ነበር።

«እኔስ ደህና ነኝ፤ የደከመው የገፋኝ ሰውዬ ነው» አሉ አማቱ ሊያቀሉት ብለው። ሾፌሩ መሳቅ አቃተው። የሚቀመጥበት አጥቶ እንደቆመ ቀረ።

ኢንጂነሩ የገባው በዚህ መሀል ነው። ሰላም አላለም። የትከሻ ቦርሳውን ሶፋው ላይ ጥሎ «ጋሼ፣ ማነው የነገራቸው?» አለ።

ሾፌሩ የጠበቀው ይህን አልነበረም፤ ቀኑን ሙሉ ያጠራቀመው ወጣ። «ማነው የነገራቸው ትለኛለህ? ወንበሬ ሥር ሰላይ ቀብረህ? በራሴ ፕላስተር? እንጀራዬን ሊቆርጡ ሲመጡ መሪያቸው አንተ ሆንክ? እኔ ላንተ ምን አጎደልኩ?»

ኢንጂነሩ ፊቱ ተለዋወጠ። ላፕቶፑን አውጥቶ የሻይ ጠረጴዛው ላይ ከፈተው። የከተማው ካርታ ነው። ከተርሚናሉ እስከ ሆስፒታሉ አስፋልቱን ይዞ አንድ ወፍራም ቀይ መስመር ተጋድሟል። ከመስመሩ በታች ቁልቁለት ሰፈር፣ ወደዚህ ቤት ከምትገባ አንዲት ስስ ጭረት በቀር፣ ነጭ ነው፤ ሰው ያልነካው ወረቀት ይመስላል።

«ሳጥኑ መኪናው የሄደበትን መንገድ ይመዘግባል፣ የቆመበትን ቦታ ሁሉ ነጥብ ያደርጋል» አለ። «ለቅጣት አይደለም። ሚኒባሶቹ በእውነት የሚሄዱት በየት እንደሆነ ካየን፣ እሱን መንገድ ሕጋዊ መስመር እናደርገዋለን ነው የተባለው። መስመር ካለ ፌርማታ አለ፤ ፌርማታ ካለ ኮረኮንቹ ይሠራል። ቁልቁለቱ እንዲካተት የተከራከርኩት እኔ ነኝ። ለእማዬ ብዬ።» ወደ እናቱ እግር አየና ዓይኑን መለሰ። «ዛሬ ያ የውጭ ባለሙያ ምን እንዳለኝ ታውቃለህ? እጄን ጨብጦ እንኳን ደስ አለህ አለኝ። ሾፌሮቻችሁ እንዲህ ሕግ አክባሪ ይሆናሉ ብዬ አላሰብኩም አለኝ። ቁልቁለቱ መኪና አያስፈልገውም ብሎ ጽፏል።»

«ለምን አልጠየቅከኝም ታዲያ?» አለ ሾፌሩ።

«አትንገሩ ተብለን ነበር። ሾፌር የሚታይ መሆኑን ካወቀ አነዳዱን ይቀይራል አሉ።»

«እኔ ሌላ ሾፌር ነኝ እንዴ?»

ኢንጂነሩ ቀና ብሎ አየው። «ብነግርህ ታምነኝ ነበር?»

ሾፌሩ ካሜራውን አስታወሰ፣ ኮፍያውን አስታወሰ። አያምነውም ነበር። ሚስቱ ሻርፑን ማሸት አቁማ ሁለቱንም ታያለች። የጎረቤት ቴሌቪዥን ለብቻው ሲስቅ ተሰማ።

«ሄጄ እነግራቸዋለሁ» አለ ሾፌሩ በመጨረሻ።

«ምን ብለህ? ይህን ሁሉ ዓመት ታፔላ ጥሼ ነው የነዳሁት ብለህ? መንጃ ፈቃድህን ነው የምታስረክባቸው። ደግሞም ወሬ አይቀበሉም፤ የሚቀበሉት ነጥብ ነው።»

«ሳጥኗ እስከ መቼ ነው የምትመዘግበው?»

«እስካወጣት። ነገ ጠዋት ግን ሳጥኖቹ ሁሉ ተሰብስበው ወደ ሌላ አገር ይላካሉ። በውሰት የመጡ ናቸው።»

ሾፌሩ ስልኩን አወጣ። ለሬዲዮ ደወለ፤ የሆነውን እየተኮላተፈ ነገረው፤ ለሁሉም ንገራቸው፣ አሁኑኑ በቁልቁለቱ ይመላለሱ አለው። ሬዲዮ ለወጉ ያህል እንኳ አላቋረጠውም። ሲጨርስ «ማነው ይህን ያለህ?» አለ።

«ኢንጂነሩ።»

«ሳጥኗን የቀበረው?»

«አዎ።»

ሬዲዮ ተነፈሰ። «ጧት ሰላይ ናት አልከን፤ ማታ ወዳጅ ናት ትለናለህ። እኔ አምንሃለሁ፣ አብረን የኖርን ሰዎች ነን። ለሰው ግን ምን ብዬ ላውራ?» ሾፌሩ ስልኩን ዘግቶ ሌላ ሾፌር ጋ ደወለ፤ ያኛው ሰምቶ ሲጨርስ በቀጥታ «ስንት ሰጡህ?» ብሎ ዘጋበት። ሦስተኛው አላነሳም። ጧት እሱ ያቀጣጠለውን ማታ ራሱ ማጥፋት አቃተው።

«አንድ መኪና ብቻውን ዋጋ የለውም» አለ ኢንጂነሩ። «ከሁሉም የተለየ ከሆነ የመሣሪያ ስህተት ነው ብለው ይሰርዙታል።»

«ይሰርዙት።» ቁልፉን አነሳ። የምታበራው ማንጠልጠያ እጁ ላይ ብልጭ አለች፤ በዚያች ቅጽበት ጥርጣሬው እንደገና ብቅ አለ። ይህም ወጥመድ ቢሆንስ? በገዛ እጁ፣ በገዛ ጎማው ጥፋቱን ጽፎ እንዲሰጣቸው ቢሆንስ የተፈለገው? የልጁን ፊት ለማንበብ ሞከረ። ደክሞታል፣ ተከፍቷል፤ ከዚያ በላይ ምንም አልነበረበትም፣ ወይም ሾፌሩ ማየት አልቻለም። ደጃፉ ላይ ያለችዋን ጋሪ ግን በደንብ ያያታል።

«ቆየኝ፣ ልጄ፤ እኔም አለሁ» አሉ አማቱ እግራቸውን ከአልጋው እያወረዱ።

«እማማ፣ በዚህ እግርዎ የት ይሄዳሉ?»

«መኪና ነው እንጂ ጋሪ አይደል!»

ኢንጂነሩና ሾፌሩ ግራና ቀኝ ደግፈው ጋቢና አስገቧቸው፤ ከጠዋት ጀምሮ ሁለቱ አብረው የያዙት ነገር ይህ ብቻ ነው። ሾፌሩ ሳጥኗን ከወንበሩ ሥር ነቅሎ ዳሽቦርዱ ላይ፣ በግልጽ፣ በዚያው ቢጫ ፕላስተር ለጠፋት። አስፋልቱ ድረስ ወጥቶ ዞረና ሸክላ ፋብሪካው ጋ ታጠፈ። ፖሊሱ ከመታጠፊያው አልሄደም ነበር። ቀኑን ሙሉ የናፈቀውን ያገኘ ሰው ፊቱ እንዴት እንደሚበራ ሾፌሩ አየ፤ ስልኩን አውጥቶ ታርጋውን ፎቶ ሲያነሳም በመስታወቱ አየው። እግሩን ከነዳጁ ላይ አላነሳም።

ኮረኮንቹ ጭር ብሏል። ሰው ሁሉ ቀደም ብሎ በእግሩ ገብቷል፤ የሚጭነውም የሚያወርደውም የለም። ባዶዋ መኪና ወንበሮቿን እያንቀጫቀጨች ትወርዳለች። አማቱ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣምረው ፊት ለፊት ያያሉ። ውሃ ታንከሩ ብቅ ሲል ግን ጉሮሮአቸውን ጠረግ አደረጉና፣ ከኋላ ወንበር እንደሚጣራ ተሳፋሪ፣

«ወራጅ አለ!» አሉ።

«እማማ፣ እዚህ ምን...»

«ጠዋት የጠበቅኩህ እዚህ ነው። ቁም።»

ቆመ። ሞተሩ እየሠራ፣ በሩ ተዘግቶ፣ ማንም ሳይወርድ ቆሙ። ሾፌሩ ጥቅል የታቀፈች ሴት ለመውረድ የሚፈጅባትን ያህል ጠበቀ። አረንጓዴዋ መብራት በራች፣ ጠፋች። ስልኩ ጮኸ፤ ሚስቱ ናት። «ወንድሜ ካርታውን አፍጥጦ እያየው ነው» አለች። «ታንከሩ ጋ አንዲት ነጥብ ወጣች ይላል።» ከኋላዋ የወንድሟ ድምፅ ይሰማል፣ የሚለው ግን አይለይም። ሾፌሩ ይህ የሚያስደስት ይሁን የሚያስፈራ ገና አላወቀም። ማርሽ አስገባ። ጥቂት እንደሄዱ የትምህርት ቤቱ አጥር ታየ፤ አማቱ ያመማቸውን እግር ወደፊት ዘርግተው፣ አሁን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣

«ወራጅ አለ!» አሉ፤ ሾፌሩም ፍሬን ያዘ።